በሀዋሳ መጠጥ ቸርችሮ ለመሸጥ የሚወጣ ፈቃድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግሮሰሪ፣ ባር ወይም የመጠጥ መሸጫ ሱቅ ለመክፈት ያሰቡ፣ ከፍተውም የወረቀቱ ነገር ያስጨነቃቸው የከተማችን ሰዎች በየጊዜው ከሚጠይቁኝ ተሰብስቦ የተጻፈ ነው።

ቤቷ ትንሽ ብትሆንም መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል?

አዎ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008፣ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1150 እንደተሻሻለው፣ የጸና የንግድ ፈቃድ ሳይኖር መነገድን ይከለክላል። ሦስት ጠረጴዛ ያላት ቤት ናት፣ ትልቅ ባር ነው ብሎ አይለይም። ያለ ፈቃድ ተገኝቶ መያዝ ቤት በማሸግ ብቻ አያበቃም። በወንጀል ያስጠይቃል፤ የገንዘብ መቀጮም እስራትም አለበት።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ?

አይሄዱም። ቸርቻሪ ነጋዴ ፈቃዱን የሚያወጣው ከሚሠራበት ክልል የንግድ መዋቅር ነው። ሀዋሳ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን ችሎ የቆመው የሲዳማ ክልል ከተማ ስለሆነች፣ ጉዳይዎ የሚጀምረው ቤቱ ካለበት ክፍለ ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ክፍለ ከተሞቹ ስምንት ናቸው፦ ሀይቅ ዳር፣ መናኸሪያ፣ ታቦር፣ ምሥራቅ፣ ባሕል አዳራሽ፣ አዲስ ከተማ፣ መሐል ከተማ እና ሐዌላ ቱላ።

ልብ ይበሉ፣ የሚታየው ንግድ ቤቱ ያለበት ክፍለ ከተማ ነው እንጂ እርስዎ የሚኖሩበት አይደለም። ታቦር እየኖሩ ሀይቅ ዳር ግሮሰሪ የሚከፍቱ ከሆነ ወደ ሀይቅ ዳር ይሂዱ። በዚህች ብቻ ሁለት ሦስት ቀን የሚያባክን ሰው ብዙ ነው።

ከየት ልጀምር? ምን ምን ይዤ ልሂድ?

ቅደም ተከተሉን ካወቁት አያደክምም። መጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን፣ ከገቢዎች ይወጣል። ቀጥሎ የንግድ ምዝገባ አለ፤ እርስዎን እንደ ነጋዴ የሚመዘግብ ነው። ከዚያ ዘርፉ የሚጠይቀው የብቃት ማረጋገጫ ይመጣል። የንግድ ፈቃዱ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። ምዝገባ አንድ ጊዜ ነው፤ ፈቃድ ግን ለየዘርፉ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደባልቀው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ «ምዝገባ አለኝ» ብሎ ፈቃድ ያለው የሚመስለው አለ።

መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ቲን፣ የቤቱን የኪራይ ውል ወይም የራስዎ ከሆነ ካርታውን ይያዙ። ከሁሉም ኮፒ ሁለት ሁለት ያድርጉ። ክፍያውን በመስኮቱ ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የትም አይቆጠርልዎትም። ምዝገባውን በኢንተርኔት፣ ኢትሬድ በሚባለው የመንግሥት የንግድ ምዝገባ ድረ ገጽ፣ ማስጀመርም ይቻላል፤ ስልክ ላይ መሙላት የሚያስቸግርዎ ከሆነ ልጅዎን ወይም የሚያውቅ ሰው ያስቀምጡ፣ ነገር ግን የሚሞላውን ስምና አድራሻ ፊደል በፊደል ራስዎ ያንብቡ። በመታወቂያዎ ላይ «ኃይለ» ተብሎ በፈቃዱ ላይ «ሀይለ» ከተባለ፣ ባንክ ሲሄዱ ወይም ሲያሳድሱ መጉላላት ያመጣል።

የሸቀጣ ሸቀጥ ፈቃድ አለኝ። ቢራና አረቄ ብጨምርበት ምን ችግር አለው?

ፈቃድዎ ላይ የተጻፈውን የሥራ ዘርፍና ኮዱን ያንብቡ። የተፈቀደልዎ እዚያ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የሚሸጡበት ዘርፍ መጠጥን የማያካትት ከሆነ፣ ከመደርደሪያው ጥግ የቆመችው አንዲት ጠርሙስ ጂን ከፈቃድ ውጪ ናት። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው የመጠጥ ችርቻሮ ዘርፍ ያስጨምራሉ።

ግሮሰሪ፣ ባርና የመጠጥ መሸጫ ሱቅ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በእኛ አገር ግሮሰሪ ሲባል ሰው ተቀምጦ ድራፍት፣ ቢራ ወይም መለኪያ የሚጠጣበት ቤት ነው። በሌላው ዓለም ቃሉ የምግብ ሸቀጥ መደብር ማለት ስለሆነ፣ ከውጭ የመጡ ዘመዶች ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባሉ። ለፈቃዱ ግን ስሙ ወሳኝ አይደለም። ወሳኙ አንድ ጥያቄ ነው፦ ጠርሙሱ የሚከፈተው የት ነው?

ጠርሙሱ እንደታሸገ ተገዝቶ ወደ ቤት የሚሄድ ከሆነ የእርስዎ ሥራ ችርቻሮ ነው። እዚያው ተከፍቶ በብርጭቆ የሚቀርብ ከሆነ የመስተንግዶ ሥራ ነው፤ ሽንት ቤት፣ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ የአስተናጋጅ ጤና የሚባል ነገር ይመጣል። በሳጥን ለሌሎች ቤቶች የሚያከፋፍሉ ከሆነ ደግሞ ጅምላ ነው። ሦስቱ የተለያዩ ዘርፎች ናቸው። የመጠጥ ሱቅ ከፍቶ በር ላይ ሁለት በርጩማ ማስቀመጥ፣ «አንድ ቀዝቃዛ እዚሁ ልቅመስ» ላለው ደንበኛ መክፈት፣ ሳይታወቅ ከአንዱ ዘርፍ ወደ ሌላው መሻገር ነው። ቁጥጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየውም ያንን በርጩማ ነው።

ቤት ከመከራየቴ በፊት ምን ልመልከት?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ገንዘቡን በከንቱ ያጣ ሰው በብዛት ያየሁት በፈቃዱ ሳይሆን በቤቱ ነው።

አንደኛ፣ አከራዩ ቤቱ ለመጠጥ እንደሚውል ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁ። በሀዋሳ በእምነታቸው ምክንያት ቤታቸው ውስጥ አልኮል እንዲሸጥ የማይፈልጉ አከራዮች ብዙ ናቸው፤ ይህም መብታቸው ነው። አንዲት እህት አቶቴ አካባቢ ቤት ተከራየች። ውሉ «ለንግድ ሥራ» ብቻ ይላል። ቀለም ቀባች፣ ባንኮኒ አሠራች፣ ፍሪጅ አስገባች። አከራዩ የቢራ ሳጥኑ ሲወርድ ከበር ላይ ቆመው አዩና «ልጄ፣ ይኼንንስ አልተነጋገርንም» አሏት። አልተቆጡም፤ ግን አልፈቀዱም። ባንኮኒው በመጋዝ ተቆርጦ ወጣ። ስለዚህ ውሉ ላይ «ለግሮሰሪ» ወይም «ለመጠጥ ችርቻሮ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ዙሪያውን በእግርዎ ይዙሩ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ተቋም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ ከሆነ፣ ቀብድ ሳይከፍሉ በፊት የክፍለ ከተማውን ጽሕፈት ቤት ቤቱን ጠቅሰው ይጠይቁ። ተቃውሞ ቢነሳ ከሥራ በኋላ ከሚነሳ ከኪራይ በፊት ቢነሳ ይሻላል። ሦስተኛ፣ ውኃ፣ መብራትና መጸዳጃ የቤቱ የራሱ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ከግቢው ተከራዮች ጋር በጋራ የሚሠራ አንድ ሽንት ቤት ይዞ ግሮሰሪ መክፈት፣ ከፈቃዱም በፊት ከጎረቤት ጋር ያጣላል።

ለብቃት ማረጋገጫ ሲመጡ ምን ያያሉ?

ንጽሕናና ደኅንነት ነው። ወለሉና ግድግዳው የሚታጠብ መሆኑን፣ ብርጭቆ የሚታጠብበት የሚፈስ ውኃ መኖሩን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የቆሻሻ ማስወገጃውን፣ የሠራተኞች የጤና ምርመራ ወረቀትን ይመለከታሉ። ለታሸገ ችርቻሮ ጥያቄው ያነሰ ነው፤ አቀማመጡን፣ ጸሐይ የማይመታው መሆኑን ያያሉ።

ቤቱን አስመስሎ ለዕለቱ ማሳመር ምንም አይጠቅምም። ቁጥጥር ተመልሶ ይመጣል፤ ከሁሉ በላይ ግን እዚያ ብርጭቆ የሚጠጣው የሰፈርዎ ሰው ነው።

ፈቃዱን መቼ ነው የማሳድሰው?

በየዓመቱ። ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ስድስት ወር ረጅም ይመስላል፣ ግን ለማሳደስ የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብዎት የሚገልጽ ወረቀት፣ ያስፈልጋል፤ ክሊራንሱ ደግሞ የዓመቱን ግብር አሳውቀው ከፍለው የሚያገኙት ነው። ሁሉም ነጋዴ ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ ስለሚጎርፍ፣ በዚያ ላይ የታኅሣሥ ገብርኤልና የገና ገበያ ስለሚደራረብ፣ ሰልፉ ረጅም ነው። በመስከረም ይጨርሱት።

ለጥቂት ወራት ብዘጋው፣ ወይም ጭራሽ ባቆመውስ?

በሩን ቆልፎ መሄድ ንግድ ማቆም አይደለም። ፈቃዱ በስምዎ እስካለ ድረስ ግብር ያስታውቁ ተብሎ ይጠበቃል። ሥራ ካቆሙ ግብርዎን አጠናቀው፣ ክሊራንስ ይዘው፣ ፈቃዱን መልሰው ማሰረዝ አለብዎት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ ልጀምር ሲሉ የድሮው ግሮሰሪ ዕዳ ሆኖ የሚጠብቃቸው ሰዎች ያጠፉት ይህንን አለማድረግ ብቻ ነው።

ዋጋ መለጠፍና ደረሰኝ መቁረጥ ግዴታ ነው?

ግዴታ ነው። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሻጭ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲያስታውቅ፣ ለገዢውም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ፈቃዱም ራሱ ግድግዳ ላይ በግልጽ በሚታይ ቦታ መሰቀል አለበት፤ በመሳቢያ ውስጥ ያለ ፈቃድ እንዳልተሰቀለ ይቆጠራል።

ካሽ ሬጅስተር እንዲጠቀሙ የተወሰነብዎ ከሆነ ማታ ቤቱ ሲጨናነቅም ይቁረጡ። «ኋላ እጠቀልለዋለሁ» የሚባለው ነገር ነው ዓመት መጨረሻ ላይ ከፋብሪካው የገዙትና የሸጡት እንዳይገጥም የሚያደርገው። ሳጥኑ በደረሰኝ ገብቷል፤ ወጪው ግን የለም። ያኔ ለግብር ሰብሳቢው ማስረዳት ከባድ ነው።

ስንት ዓመት ለሆነው ሰው ነው መሸጥ የምችለው? መታወቂያ መጠየቅስ እችላለሁ?

21 ዓመት ለሞላው። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ 18 ይመስለዋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። «ለአባቱ ነው የላኩት»፣ «ወንድሙ ውጭ ቆሟል» የሚለው ሰበብ ሻጩን ነጻ አያወጣም።

መታወቂያ መጠየቅ ይችላሉ፣ መጠየቅም አለብዎት። ሀዋሳ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶችን አሰባስቧል። የመጀመሪያ ደሞዛቸውን ይዘው አርብ ማታ ከሚገቡት ውስጥ 19 እና 20 ዓመት የሆናቸው ጥቂት አይደሉም። ቁመትና ጢም አያታልልዎት። እኔ ግሮሰሪ ስሠራ የማደርገው እንዲህ ነበር፦ ከሠላሳ በታች የሚመስለኝን ሁሉ «ወንድሜ ይቅርታ፣ መታወቂያ» እላለሁ። የሚስቅ አለ፣ የሚቆጣም አለ። አንዱ ልጅ ተቆጥቶ ወጥቶ በማግስቱ ከእናቱ ጋር በቤቴ በር ሲያልፍ እናቱ ቆመው «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለውኛል። ያን ቀን ያልሸጥኩት ሁለት ቢራ ምንም አልጎዳኝም።

ይህን ለአስተናጋጆችዎ በመጀመሪያ ቀን ይንገሯቸው። ማታ ላይ እርስዎ የሉም፤ የምትወስነው አስተናጋጇ ናት፤ እምቢ ስትል ደግሞ ከጎኗ እንደሚቆሙ ማወቅ አለባት።

ደንበኛ ውስጥ ቢያጨስስ? ሺሻስ?

በዚያው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ባርና ግሮሰሪም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ውጭም ቢሆን ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ አለበት። ሺሻ ጨርሶ የተከለከለ ነው፤ «የኋላ ክፍል» የሚባል ነገር የለም።

መጠጥ ማስተዋወቅ እችላለሁ?

በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያ በዚያው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ታግዷል። ለቤትዎ የሚያስፈልገው የንግድ ስምዎና የሥራ ዘርፍዎ የተጻፈበት ታፔላ ነው፤ የሚጠይቁትም እሱን ነው። የቢራ ወኪል መጥቶ በነጻ ቀለም እቀባልሃለሁ፣ ትልቅ ሥዕል እሰቅልልሃለሁ ቢልዎት፣ ከመስማማትዎ በፊት ለጽሕፈት ቤቱ ያሳዩ። ግድግዳው የእርስዎ ነው፤ ተጠያቂውም እርስዎ ነዎት። «ሁለት ለጠጣ አንድ በነጻ» የሚል ሰሌዳም እንዳያወጡ እመክራለሁ።

የእህቴን ልጅ በአስተናጋጅነት ልቅጠራት፣ 16 ዓመቷ ነው። ይቻላል?

ለማታ ሥራ አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ሰው መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትን ደግሞ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቅድም፤ በቀንም ከ7 ሰዓት በላይ አይሠሩም። ግሮሰሪ ዋና ሥራው ማታ ነው። ዘመድ መሆኗ ነገሩን አያቀለውም፤ እንዲያውም እሷ አልፈልግም ለማለት ትቸገራለች። ለልጅቷ ሌላ ሥራ ይፈልጉላት።

ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄና ቦርዴ ለሚሸጡ እናቶችስ?

ይህ ልብ የሚነካ ጥያቄ ነው። በየሰፈሩ ቤተሰባቸውን በጠላና በቦርዴ ያሳደጉ እናቶች አሉ፤ ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የደረሱት በዚያ ገንዘብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ገቢ ለማግኘት ተብሎ በቋሚነት የሚሸጥ መጠጥ ንግድ ነው። የባሕል መጠጥ መሆኑ ብቻ ከፈቃድ ነጻ አያደርገውም። ለበዓል የጠመቁትን ለጎረቤት ማቅመስ ሌላ ነው፤ በር ላይ ጣሳ ሰቅሎ በየቀኑ መሸጥ ሌላ።

እናትዎ ወይም አክስትዎ ይህን ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ወደ ክፍለ ከተማው አብረዋቸው ይሂዱ። ብዙዎቹ የሚፈሩት ክፍያውን ሳይሆን ቢሮውን ነው፤ ፎርሙ፣ መስኮቱ፣ «ነገ ይመለሱ» የሚለው። አንድ ሰው ከጎናቸው ቢቆም ፍርሃቱ ይቀላል። በአረቄ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ አረቄ ገዝተው አይሽጡ። በአግባቡ ያልወጣ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት አረቄ ሜታኖል ሊኖረው ይችላል፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በጣዕም አይለይም።

ለገብርኤል ንግሥ ድንኳን ተክዬ ቢራ መሸጥ እችላለሁ?

ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ሀዋሳ ከየአገሩ በሚመጣ ምዕመን ስለምትሞላ ይህ ጥያቄ በዓመት ሁለት ጊዜ አይቀርም። የንግድ ፈቃድዎ የተመዘገበ አድራሻ አለው፤ መናኸሪያ ላለ ቤት የተሰጠ ፈቃድ ሀይቅ ዳር ለተተከለ ድንኳን አይሠራም። የሚተክሉበት ቦታም የእርስዎ አይደለም። ከከተማው አስተዳደር በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ሳይኖር አይትከሉ፤ «ባለፈው ዓመት ማንም አልጠየቀም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። የኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ለንግሥ ከመጣ ሕዝብ መካከል ቢራ ይዞ ከመቆም ሻይና ውኃ ይሽጡ፤ በዚያ ሙቀት ውኃውም ይሸጣል።

ጎረቤት በሙዚቃው ከሰሰኝ። ፈቃድ እያለኝ ምን ያገባዋል?

ያገባዋል። ፈቃዱ እንዲነግዱ ነው እንጂ እንዲረብሹ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ድምፅ፣ ጭስና ሽታ ጎረቤት ላይ መልቀቅ አይፈቀድም። በአካባቢ ጥበቃ በኩል የወጣው የድምፅ መለኪያ ደግሞ በመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ በንግድ አካባቢ 65 እና 55። ሌሊት የሚባለው ከማታው 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። 45 ዴሲቤል ማለት ዝቅ ብሎ የሚወራ ወሬ ያህል ስለሆነ፣ በር ላይ የተሰቀለ ስፒከር ይህን ያልፈዋል ለማለት መለኪያ አያስፈልግም።

ስፒከሩን ወደ ውስጥ ያስገቡ፣ ወደ መንገድ አያዙሩት። ከዚያም ሄደው ጎረቤትዎን ያነጋግሩ፤ ስልክዎን ይስጧቸው፤ «ሲረብሽዎት ይደውሉ» ይበሉ። አንድ ጊዜ ደውለው ድምፁ ሲቀንስ ያዩ ሰው ለአቤቱታ ቢሮ አይሄዱም።

ወኪል ነኝ የሚል ሰው በርካሽ ዋጋ ውስኪ አመጣልኝ። ልግዛ?

ደረሰኝ ከሌለው አይግዙ። ጠርሙሱን በእጅዎ ይዘው ወደ ብርሃን ያዙሩት። ክዳኑ ላይ ያለው ማሰሪያ ሳይላቀቅ ይዟል? የመለያ ወረቀቱ ጥግ ላይ የሙጫ ጠብታ አለ? አንድ ሳጥን ውስጥ ባሉ ጠርሙሶች የፈሳሹ ከፍታ አንገቱ ላይ እኩል ነው? ባዶው እንደገና ተሞልቶ የተሸጠ ጠርሙስ ከነዚህ በአንዱ ሊታወቅ ይችላል። የኤክሳይዝ፣ ማለትም እንደ መጠጥ ባሉ ምርቶች ላይ የሚጣለው ግብር፣ ቴምብር ሊኖረው የሚገባ ምርት ከሆነ ቴምብሩን ይመልከቱ፤ ኤክሳይዙን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው። ባዶ የውስኪ ጠርሙስዎንም ለማንም ለሚጠይቅ አይሽጡ፤ ተመልሶ ወደ ራስዎ መደርደሪያ ሊመጣ ይችላል።

የሰው ፈቃድ ተከራይቼ መሥራት እችላለሁ? የኔንስ ባከራይ?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፤ መልሴም አንድ ነው፦ አይሆንም። ሕጉ ፈቃድን ለሌላ ሰው ማስተላለፍን፣ ማከራየትን ይከለክላል። ፈቃዱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? በዚያ ቤት ውስጥ የሚሆነው ሁሉ የሚጻፈው በዚያ ስም ነው።

እኔ ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። ስታመም ግሮሰሪዬን ለምቀርበው ሰው ከነፈቃዱ ለቀቅሁለት። በወር የሚሰጠኝን ተስማማን፤ ወረቀት እንኳ አልጻፍንም። ለስምንት ወር በሰዓቱ ከፈለኝ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ቤቱ ስሄድ ተዘግቷል፤ ፍሪጁ የለም፤ ግድግዳው ላይ ግን ስሜ ያለበት ፈቃድ አሁንም ተሰቅሏል። መስታወቱ ላይ አቧራ ተቀምጦበታል። ግብሩ፣ ያልተቆረጠው ደረሰኝ፣ የአከፋፋዩ የባዶ ሳጥን ዕዳ፣ ሁሉም የኔ ሆኖ ጠበቀኝ። ለመክፈል ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሰውየውን ለመክሰስ ፈልጌ ነበር፤ ግን የምከስበት ውል ራሱ ሕገ ወጥ ነው።

ተከራይም ቢሆን የሚያተርፍ አይደለም። ዕቃው የርስዎ፣ ደንበኛው የርስዎ፣ ባለ ፈቃዱ ግን አንድ ቀን «ቤቱ የኔ ነው» ቢል ወረቀቱ የሚመሰክረው ለሱ ነው። መሥራት ከቻሉ ፈቃድ ማውጣትም ይችላሉ። አብረው መሥራት ከፈለጉ ደግሞ በሽርክና ወይም በማኅበር ይመዝገቡ፤ ሕጋዊው መንገድ እሱ ነው።

ግሮሰሪውን ከነዕቃው፣ ከነስሙ ገዛሁት። ፈቃዱ አብሮ ይመጣል?

አይመጣም። የንግድ ሕጉ መደብር እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ ዕቃው፣ የንግድ ስሙ፣ የኪራይ መብቱ ሊተላለፍ ይችላል። ፈቃዱ ግን የሻጩ ነው፤ እሱ መልሶ ያሰርዛል፣ እርስዎ በስምዎ አዲስ ያወጣሉ። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈራረሙ። ሙሉውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ የግብር ክሊራንሱን ያሳይዎት፣ አከራዩም ኪራዩ ወደ እርስዎ መዞሩን በጽሑፍ ይስማሙ። ይህ ሳይሆን የተከፈለ ገንዘብ ለማስመለስ ዓመታት ይወስዳል። አዲሱ ፈቃድ እስኪወጣ በሻጩ ፈቃድ «ለጊዜው» ልሥራ ካሉ፣ ከላይ ወዳለው ጥያቄ ተመልሰዋል።

ቤቴ ታሸገ። ምን ላድርግ?

ማሸጊያውን አይንኩ። ውስጥ የሚበላሽ ዕቃ ቢኖር እንኳ አይቅደዱት፤ የመንግሥት ማሸጊያ መስበር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ቀላል የነበረውን ጉዳይ ያከብደዋል። የሚበላሽ ነገር ካለ በማመልከቻ ይጠይቁ፣ ተከፍቶ በፊታቸው ይወጣል።

ከዚያ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ ምክንያት በማግስቱ ሊለወጥ ይችላል። ጽሑፉ ሲደርስዎ ጉድለቱ የሚስተካከል ከሆነ፣ ለምሳሌ ያልታደሰ ፈቃድ ወይም ያልተለጠፈ ዋጋ፣ አስተካክለው ማስረጃውን አያይዘው እንዲከፈት ያመልክቱ። በውሳኔው ካልተስማሙ ለክፍለ ከተማው ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለከተማው የንግድ መምሪያ፣ ከዚያ ለቅሬታ ሰሚ ያቅርቡ። እያንዳንዱን ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ፤ አንዱን ሲያስገቡ ሌላው ላይ መዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። ጉዳይ ለማፋጠን ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አይስጡ፤ ቤቱ አንዴ በገንዘብ ከተከፈተ በየወሩ ይመጣልና። ማኅተም ያለበትን ኮፒ በፕላስቲክ አድርገው ያስቀምጡ፤ እንደገና ሲጠየቁ የሚያሳዩት እሱን ነው።